ሰው ተኝቷል፣ ንፋስ አይግባ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ማለታችሁ አይቀርም። ዛሬ ግን በረትም የለኝ፣ ላምም የለችኝ። ያለኝ አንድ የተዘጋ መስኮት ነው። እሱ እስኪከፈት ድረስ ማንም ከመቀመጫው እንዳይነሳ።

ደብረ ብርሃን ዳር፣ ንፋስ ሰው በሚያስመርርበት ሜዳ ላይ፣ ወይዘሮ ፈለቀች የሚሏት ሴት ነበረች። ባሏ አቶ ጥጋቡ ዕድሜውን በእንጨት መሰንጠቂያ ቤት ፈጅቶ፣ ሳንባውን ብናኝ በልቶት፣ በመጨረሻ አልጋ ላይ ዋለ። ጥጋቡ በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ንፋስ ነው። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የሚከፍት ሰው ካየ ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ሐኪሙ ሳንባህን ያደከመው ብናኙ ነው ቢለው፣ ብናኙንስ ማን አመጣው፣ ንፋስ አይደለም ወይ ብሎ ተከራከረው። ከጥጋቡ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው አልነበረም።

የፈለቀች የወንድም ልጅ ልዑልሰገድ በየፋብሪካው ሴንሰር የሚተክል ባለሙያ ነው። ለታመመው ዘመዱ ብሎ ቤቱን በሙሉ በእነዚህ የክብሪት ቀፎ በሚያክሉ ነገሮች ሞላው። ባትሪያቸው ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጥም፤ ስለዚህ ቆጣቢዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ፤ ነቃ ይላሉ፤ የሰሙትን ለጎረቤታቸው ሹክ ይላሉ፤ ተመልሰው ይተኛሉ። አንዳቸውም ቤት ሙሉ የሚጮህ ጉልበት የላቸውም። ቃሉ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተቀባበለ ሳሎን ያለው፣ መስኮቶቹን የሚያዝዘው ሳጥን ዘንድ ይደርሳል፤ አንዱ መንገድ ቢዘጋ በሌላ በኩል ዞሮ ይሄዳል። በፍራሹ ልብስ ውስጥ ደግሞ ልዑልሰገድ እንደ ጨርቅ የሳሳ ትንፋሽ አዳማጭ ሰፋበት። ፍራሹ ላይ ሰው ሲተነፍስ፣ ቃሉን የሚያቀብሉት ሁሉ በትንፋሹ ልክ በቀይ ይጠቅሳሉ።

ሕጉን ያወጣው ግን ጥጋቡ ራሱ ነው። ፍራሹ ላይ ትንፋሽ እስካለ ድረስ የቤቱ መስኮት አንዱም እንዳይከፈት፣ ሚስቱም ብትሆን፣ ልዑልሰገድም ቢሆን፣ ንጉሥ ቢመጣም እንዳይከፈት አስደረገ። ሳጥኑም የሚናገረው በእሱ ድምፅ ነበር። ሁለት ቃል ብቻ ቀድቶበታል። አንዱ «ሰው ተኝቷል፣ ንፋስ አይግባ» የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ትንፋሹ ሲደክም የሚሰማው፣ «አየር አጠረኝ» ነው። ይህን ሁለተኛውን ፈለቀች የሰማችው እሱ በሞተበት ዕለት ነው።

ተቀበረ። ድንኳን ተተከለ፣ ተለቀሰ፣ ድንኳኑ ተነሳ። የጎረቤት ሴቶች መኝታ ቤቱን ሲያጸዱ ፍራሹን የት እናድርገው አሏት። ከዓይኔ አርቁልኝ፣ ለነዳያን ይሰጥ አለች። ተሰጠ አሏት፤ እሷም ሁለተኛ አልጠየቀችም። ከአርባው በኋላ ዘመድ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ግቢው ውስጥ የቀሩት እሷና ዘበኛው ድንበሩ ብቻ ነበሩ። ድንበሩ ሌሊት ይጠብቃል፣ ጠዋት ጓሮው ጫፍ ባለችው የዘበኛ ቤት ይተኛል። ጥጋቡን ያገለገለ ሰው ነውና ንፋስ መፍራትንም ከጥጋቡ ወርሷል።

በአንድ የነሐሴ ጠዋት፣ ጉሙ ከግቢው አልነሳ ብሎ ሳለ፣ ፈለቀች ከእንቅልፏ ስትነሳ ቤቱ ሸተታት። መድኃኒት፣ ቅባት፣ የታመቀ ላብ፤ የበሽተኛ ቤት ሽታ። አንድ መስኮት ብቻ ልክፈት አለች። በሩን ብትከፍተውስ ትሉኝ ይሆናል። ሴትየዋ መስኮት ነው የፈለገችው፤ በሰው ፍላጎት ምን አገባችሁ? ወደ ሳሎኑ መስኮት ሄዳ ቁልፉን ተጫነች።

መስኮቱ አልተከፈተም። ዳርቻው ላይ ያለችው ነጥብ በቀይ ጠቀሰቻት። መስኮት አፍ ቢኖረው እንዲህ ባላት ነበር፦ እኔ ምን ላድርግሽ እትዬ፣ እኔ የማውቀው የጎረቤቴን ቃል ነው፤ ሳጥኑ ካልፈቀደ አልከፈትም።

ወደ ሳጥኑ ዞረች። ሳጥኑ መደርደሪያው ላይ ከጥጋቡ ፎቶግራፍ አጠገብ ነው ያለው። ገና አንድ እርምጃ ስትራመድ ተናገረ።

«ሰው ተኝቷል፣ ንፋስ አይግባ።»

ድምፁ የባሏ ነበር፤ ያው ጎርናና፣ ያው መሃል ላይ የሚቆራረጥ። ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ፈለቀች ፈሪ ሴት አልነበረችም፤ ያን ጠዋት ግን ፈራች፤ መፍራቷንም ለራሷ አልደበቀችም።

ልዑልሰገድ ዘንድ ደወለች። መስኮቱ እንቢ አለኝ፣ ሳጥኑ ሰው ተኝቷል ይላል አለችው። ሳቀ። ፍራሹ የት ነው ያለው ብሎ ጠየቃት። ለነዳያን ተሰጥቷል አለችው። እሱም፣ ሳጥኑ ራሱ የትንፋሹን ምንጭ አያውቅም፣ እያንዳንዳቸው የሚያውቁት የጎረቤታቸውን ቃል ብቻ ነው፣ በቀይ የሚጠቅሱትን አንድ በአንድ ተከተያቸው አላት። ሌላም ነገር ሊጨምር ሲል ኔትዎርኩ ተቋረጠ።

በመጀመሪያ የሄደችው ወደ መኝታ ቤቱ ነው። አልጋው ባዶ ነው፤ ርብራቡ ብቻ ነው የቀረው። የመኝታ ቤቱ በር ላይ ያለው ሴንሰር አረንጓዴ ነው፤ እዚህ ማንም የለም ማለቱ ነው። ይህ ሊያጽናናት ይገባ ነበር፤ አላጽናናትም። የተኛው ሰው መኝታ ቤት ከሌለ የት ነው የተኛው?

የኮሪደሩ አምፖል ግን በቀይ እየጠቀሰ ነበር። ቃሉን ሳጥኑ ላይ የጫነው እሱ ነው። አምፖሉም እኔን ምን ታፈጪብኛለሽ፣ እኔ የማውቀው የጎረቤቴን ቃል ነው አለ፤ ወደ ማድ ቤቱ ጠቆመ። አምፖሉ ዓይኑን ካልጨፈነ ሳጥኑ አይፈቅድ፣ ሳጥኑ ካልፈቀደ መስኮቱ አይከፈት።

ማድ ቤት ገባች። ጣሪያው ላይ ያለው ጭስ አሽታች፣ ጭስ ሳይኖር፣ ድስት ሳይጣድ፣ በቀይ ይጠቅሳል። ይጠቅሳል፣ ይቆማል፣ ይጠቅሳል። ፈለቀች ቆማ ስታየው አንድ ነገር አወቀች፤ ጥቅሻው የሰው ትንፋሽ ልክ ነው። ይህን ልክ ለወራት አልጋ ዳር ተቀምጣ ቆጥራዋለች። ጭስ አሽታቹም እንደ ጓደኞቹ ነው፤ ከጓሮ ነው የሰማሁት፣ ከእኔ አይደለም አለ። ጭስ አሽታቹ ሹክታውን ካልተወ አምፖሉ ዓይኑን አይጨፍን፣ አምፖሉ ዓይኑን ካልጨፈነ ሳጥኑ አይፈቅድ፣ ሳጥኑ ካልፈቀደ መስኮቱ አይከፈት።

ከኋላዋ፣ ከሳሎን፣ ሳጥኑ ሁለተኛውን ቃል ተናገረ።

«አየር አጠረኝ።»

እዚህ ላይ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ብሆን ጫማዬንም ሳላደርግ ጎረቤት ቤት እገኝ ነበር። ፈለቀችም በሩን አየችው። ወደ ጎረቤት መሮጥ፣ ቄስ መጥራት፣ ጸበል ማስረጨት፤ ሁሉም በልቧ መጣ። ግን ያን ቃል ታውቀዋለች። ያን ቃል በሰማችበት ቀን ከአልጋው ዳር ሆና እጁን ይዛ ነበር፤ እጁን ከመያዝ በቀር የምታደርገው አልነበረም። ዛሬ የምትይዘው እጅ እንኳ አልታይ አላት። የሞተ ሰው ደግሞ አየር አያጥረውም። አየር የሚያጥረው ሕይወት ያለው ሰው ነው፤ ካልሆነም ያላረፈ ሰው ነው። ሁለቱም ጥለውት የሚሄዱት አይደለም።

ከሙቀጫው ውስጥ ዘነዘናውን ብድግ አድርጋ በጓሮው በር ወጣች።

ጓሮው በጉም ተሞልቷል። የውሃ ታንከሩ ከጉሙ ውስጥ ጥቁር ሆኖ ቆሟል፤ ከጎኑ ላይ የተለጠፈው ውሃ ለኪ በቀይ ጠቀሳት። ታንከሩ ሙሉ ነው፣ ለውሃው የሚያሰጋ ነገር የለም። ግን ውሃ ለኪው ያቀበሉኝን አቀብላለሁ እንጂ ለምን ብዬ አልጠይቅም የሚል ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ውሃ ለኪው ቃሉን ካልዋጠ ጭስ አሽታቹ ሹክታውን አይተው፣ ጭስ አሽታቹ ሹክታውን ካልተወ አምፖሉ ዓይኑን አይጨፍን፣ አምፖሉ ዓይኑን ካልጨፈነ ሳጥኑ አይፈቅድ፣ ሳጥኑ ካልፈቀደ መስኮቱ አይከፈት።

ጥቅሻው መዘግየት ጀመረ። ይጠቅሳል፤ ይቆማል፤ ቆሞ ይቆያል፤ ይጠቅሳል። በመሃሉ ፈለቀች የራሷን ትንፋሽ ይዛ ትጠብቅ ነበር።

ከታንከሩ ወዲያ የት እንደምትሄድ ጠፋት። ጓሮው ሰፊ ነው፤ ጉሙ እጇን እንኳ አያሳያትም። ዞር ዞር ስትል በጽዱ ሥር፣ አሮጌው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሰው በሚቀመጥበት ከፍታ፣ አንድ ቀይ ነገር ጠቀሳት። ከሌሎቹ ይልቅ ደብዛዛ ነው፤ ሊጠፋ የደረሰ ፍም ይመስላል። ልዑልሰገድ እዚህም ተክሏል ማለት ነው አለች በልቧ። ጥጋቡ እግሩ ሳይከዳው በፊት ፀሐይ የሚሞቀው እዚያ ወንበር ላይ ነበር። ወደ እሱ ለመቅረብ እግሯ እንቢ አላት። ባለችበት ቆማ ተናገረች።

«ጥጋቡ፣ አንተ ከሆንክ በሰላም ዕረፍ፣ ተወኝ። ሌላ ሰው ከሆነ ግን ምራኝ።»

ቀዩ ነገር አንድ ጊዜ ጠቀሰ። ከወንበሩ ባሻገር፣ በአጥሩ በኩል፣ የግቢው በር ደወል በቀይ መለሰለት።

ወንበሩ መንገዱን ካልዘጋ ውሃ ለኪው ቃሉን አይውጥ፣ ውሃ ለኪው ቃሉን ካልዋጠ ጭስ አሽታቹ ሹክታውን አይተው፣ ጭስ አሽታቹ ሹክታውን ካልተወ አምፖሉ ዓይኑን አይጨፍን፣ አምፖሉ ዓይኑን ካልጨፈነ ሳጥኑ አይፈቅድ፣ ሳጥኑ ካልፈቀደ መስኮቱ አይከፈት።

መስኮቱን ግን በዚያች ሰዓት ፈለቀች ረስታዋለች። እናንተ እንዳትረሱት።

ደወሉ ያለው የዘበኛ ቤቷ ግድግዳ ላይ ነው። ስትደርስ ደወሉ ጠቀሰ፤ ከዚያ በጣም ብዙ ቆየ። የዘበኛ ቤቷ በር ተዘግቷል። በበሩ ሥር ያለው ክፍተት በጆንያ ተወትፏል። ትንሿ መስኮት በላስቲክ ተሸፍና፣ ላስቲኩ ዙሪያውን በምስማር ተመትቷል። ከቆርቆሮው ላይ ሙቀት ይወጣል፤ የከሰል ሙቀት ነው። ድንበሩ ብላ ተጣራች። መልስ የለም። ደወሉ ዝም ካላለ ወንበሩ መንገዱን አይዘጋ፣ ወንበሩ መንገዱን ካልዘጋ ውሃ ለኪው ቃሉን አይውጥ... እኔ እዚህ ስቆጥር እሷ ዘነዘናውን አንስታለች።

በሩ በውስጥ በሽቦ ታስሯል። አንዴ መታችው፣ አልሆነም። ደግማ መታችው፤ ማጠፊያው ተነቀለ። ጆንያውን ረግጣ ስትገባ የታመቀው አየር ፊቷን መታት። መሬት ላይ የከሰል ማንደጃ ፍሙ ቀልቶ ተቀምጧል። ከጎኑ፣ በምታውቀው ባለሰማያዊ መስመር ፍራሽ ላይ፣ ድንበሩ ጋቢ ተከናንቦ ተጋድሟል።

የባሏ ፍራሽ ነበር። ለነዳያን ተሰጠ የተባለው ፍራሽ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድንበሩ ባዶ መሬት ላይ መተኛት ወገቡን ፈጅቶት ሴቶቹን ለምኗቸዋል። ሴቶቹም ሐዘንተኛን ማሳዘን ነውር ነው ብለው፣ ባየችው ቁጥር እንዳታለቅስ ብለው፣ ሰጥተውት ለእሷ ሳይነግሯት ቀሩ። በአገራችን ለሐዘንተኛ ሁሉም ነገር ይደበቃል። ትንፋሽ አዳማጩ ግን መደበቅን አያውቅም፤ በፍራሹ ልብስ ውስጥ እንደተሰፋ፣ የተኛበትን ሰው ትንፋሽ እየሰማ ለጎረቤቱ ሹክ ይል ነበር። ጌታው ማን ይሁን ማን አልጠየቀም።

ፈለቀች ማንደጃውን በእግሯ ገፍታ ወደ ውጭ አወጣችው። የፍራሹን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች። ባሏን በዚህ ፍራሽ ላይ ስታገላብጥ የኖረች ሴት ናት፤ ክንዷ ያውቀዋል። ሰውየውን ከነፍራሹ እየጎተተች በሩን አሳልፋ ጉሙ ውስጥ አወጣችው። ካፊያ ይጥል ነበር። ፊቱን በጥፊ መታችው፣ ስሙን ጠራችው፣ ደረቱን አሸችው። ከንፈሩ የደም ቀለም አልነበረውም። ደወሉን ቀና ብላ አየችው፤ አይጠቅስም። አየችው፤ አይጠቅስም። ያኔ አለቀሰች፤ በድንኳኑ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀሰችም። ለየትኛው ሰው እንደምታለቅስ አልለየችውም።

ደወሉ ጠቀሰ።

ድንበሩ አሳለው፤ ዓይኑን ገለጠ። እመቤቱን ከላዩ ላይ ሲያያት፣ ፍራሹንም ከሥሩ ሲያስታውስ፣ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር፦

«እትዬ፣ ፍራሹን ሰርቄ አይደለም።»

«ዝም በልና ተንፍስ» አለችው።

ተነፈሰ። ትከሻዋን ተደግፎ ተቀመጠ፤ እየተንገዳገደ ተነሳ፤ ከፍራሹ ላይ ወረደ። ፍራሹም ለቀቀው።

ፍራሹ ሲለቀው ደወሉ ዝም አለ። ደወሉ ዝም ሲል ወንበሩ መንገዱን ዘጋ። ወንበሩ መንገዱን ሲዘጋ ውሃ ለኪው ቃሉን ዋጠ። ውሃ ለኪው ቃሉን ሲውጥ ጭስ አሽታቹ ሹክታውን ተወ። ጭስ አሽታቹ ሹክታውን ሲተው አምፖሉ ዓይኑን ጨፈነ። አምፖሉ ዓይኑን ሲጨፍን ሳጥኑ ፈቀደ። ሳጥኑ ሲፈቅድ መስኮቱ ተከፈተ። ዘግይቶም ቢሆን ትእዛዟን አልረሳም። እሱን አይተው ሌሎቹም ተከፈቱ፤ የመኝታ ቤቱ፣ የማድ ቤቱ፣ አንድ በአንድ ሲንኳኩ ከጓሮ ድረስ ተሰማ። የደብረ ብርሃን ንፋስ ቤቱን ከዳር እስከ ዳር ጠረገው፤ መጋረጃዎቹን ወደ ውጭ አውጥቶ አውለበለባቸው። የበሽተኛ ቤት ሽታ በዚያው ሄደ።

ድንበሩ ሐኪም ቤት ሄዶ ዳነ። ከሰልም ዳግመኛ በሩን ዘግቶ አላነደደም።

ልዑልሰገድ በሳምንቱ መጣ። የሆነውን ሁሉ በየተራው ስትነግረው ራሱን እየነቀነቀ ሰማ፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ስትደርስ ግን አስቆማት። እሱ ወንበሩ ላይ ምንም ነገር አልተከለም። ሄዶ አየው፤ ከሥሩም ከላዩም ዳሰሰው፤ እንጨት ብቻ ነው። ከዚያ ፍራሹን ዘበኛ ቤት አስገብቶ ራሱ ተጋደመበት፣ ቃሉ ሳጥኑ ዘንድ ይደርስ እንደሆነ ሊያይ። ደወሉ በቀይ ጠቀሰ። ውሃ ለኪው ግን አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። ልዑልሰገድ ተነስቶ ከደወሉ እስከ ታንከሩ ያለውን ሜዳ ሲያይ ቆየ።

«አክስቴ፣ ሹክታቸው እስከዚያ አይደርስም» አላት። «መሃል ላይ ተቀብሎ የሚያቀብል አንድ ሌላ ያስፈልጋል።»

«ነበረ እኮ» አለች ፈለቀች።

ፍራሹን ለድንበሩ ተወችለት፤ ትንፋሽ አዳማጩ ከውስጡ እንዳይወጣም አዘዘች። ወንበሩንም ማንም እንዳያነሳው አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጉም በወረደ ቁጥር መጀመሪያ የምትሞክረው መስኮቱን ነው፤ አልከፈት ካላት ሻርፗን ደርባ ወደ ጓሮ ትወጣለች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን ግን በዳቦ አታብሱ። ይልቅ ከእናንተ መስኮቱ የቀረበው ሰው ይነሳና ይክፈትልኝ።